የረቂቁ የመጀመሪያ ጠያቂ፦ በግሉ የሚሠራ አርታኢና ደራሲ

አርትዖት ማለት አንድ ረቂቅ ጽሑፍ ከደራሲው ወደ አንባቢው ከመሻገሩ በፊት በሌላ ሰው ዐይን ተመርምሮ፣ የጎደለው ተሟልቶ፣ የተዛባው ተቃንቶና የተደጋገመው ተቀንሶ ለኅትመት የሚበቃበት ሥራ ነው። ይህን ሥራ በትልልቅ አሳታሚ ድርጅቶች ውስጥ ደመወዝተኛ አርታኢዎች ያከናውኑታል። ብዙ ደራስያን መጽሐፋቸውን በራሳቸው ወይም በወዳጅ ዘመድ ገንዘብ በሚያሳትሙበት በኢትዮጵያ ግን ኃላፊነቱ በአብዛኛው የሚወድቀው የየትኛውም ድርጅት ተቀጣሪ ባልሆነ፣ ከደራሲው ጋር በቀጥታ ተስማምቶ በሥራው መጠን በሚከፈለው፣ በተለምዶ ፍሪላንስ በሚባለው በግሉ የሚሠራ አርታኢ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ባለሙያ ከኋላው የቆመ ተቋም ስለሌለ የሥራው ድንበርና የሥልጣኑ ልክ የሚወሰነው ከደራሲው ጋር በሚያደርገው ስምምነት ነው፤ በመሆኑም ሁለቱ አንዱ ከሌላው ምን እንደሚጠብቅ አስቀድመው ካልተነጋገሩ፣ ጥሩ ረቂቅና ጥሩ ባለሙያ ተገናኝተውም ደካማ መጽሐፍ ሊወጣ ይችላል።

ስምምነቱ የሚቆምበት መሠረት በአጭሩ ሲገለጽ አርታኢው በአንባቢው ስም ይጠይቃል፣ ደራሲው ይመልሳል፣ የመጨረሻው ቃልም የደራሲው ይሆናል ማለት ነው። የእርማቱ ቅደም ተከተል፣ የንግግሩ ለዛ፣ የክፍያው አከፋፈልና የውሉ አንቀጾች ሁሉ ከዚህ የሚመነጩ ሲሆኑ፣ መሠረቱ የተጠበቀባቸውና የተጣሰባቸው ዘመናት ምን እንዳፈሩ ከአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

በካይሮ ማክሰኞና ቅዳሜ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የነበረው አስሊን ደ ሸርቪል መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለማስተርጎም አስቦ፣ አቡ ሩሚ በሚለው ስም ከሚታወቁት፣ ብዙ አገር ዞረው ካይሮ ከደረሱት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከአባ አብርሃም ጋር ሥራ ጀመረ። ቆንስሉ ራሱ እንደጻፈው ለዐሥር ዓመታት ማክሰኞና ቅዳሜ በሩ ለጎብኚ ሁሉ ዝግ ነበር። በእነዚያ ቀናት ሁለቱ ሰዎች የዐረብኛውን ትርጉም ቁጥር በቁጥር እያዘገሙ ያነቡ ነበር፤ ቃሉ ሲከብድ ወይም ትርጉሙ ሲያጠራጥር አስሊን የዕብራይስጡን፣ የሱርስቱንና ሰባ ሊቃናት የተባለውን የግሪክኛ ትርጉም እያገናዘበ ያስረዳል፣ መነኩሴውም የተረዱትን በአማርኛ ያሰፍራሉ። በዚህ ስልት የተዘጋጀው የእጅ ጽሑፍ ከ9,500 ገጽ በላይ ሆነ።

ይህ አሠራር ትርጉም እንጂ አርትዖት ተብሎ ባይጠራም፣ አርትዖትን አርትዖት የሚያሰኙት ሁለቱ ነገሮች አሉበት፤ ጽሑፉ በሚያጠራጥርበት ቦታ ሁሉ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው አለ፣ ለጥያቄውም መልስ የሚሰጥ ጸሐፊ በቦታው ይገኛል። ቀጣዩ ምዕራፍ ግን ሁለተኛውን አጣ። አባ አብርሃም በካይሮ በወረርሽኝ ሞቱ፤ ዊሊያም ጆዌት የተባለ ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1820 የእጅ ጽሑፉን ገዝቶ ወደ እንግሊዝ እንዲሄድ አደረገ፤ በዚያም ቶማስ ፔል ፕላት የተባለ ምሁር ለኅትመት አዘጋጅቶት አራቱ ወንጌላት እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1840 ታተመ። ፕላት የተማረና ትጉህ ሰው ቢሆንም፣ አንድ ሐረግ ግራ ሲያጋባው ሊጠይቃቸው የሚገባው ጸሐፊ በሕይወት ስላልነበሩ በራሱ ግምት መወሰን ነበረበት፤ ኋላም ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ትርጉሙን እንደገና ማረም አስፈልጎታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የአርታኢ ዕውቀት ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው፤ ደራሲው በሕይወት ሳለና የጻፈበት ምክንያት ከአእምሮው ሳይጠፋ የሚደረግ ምልልስን በኋላ የሚመጣ የትኛውም እርማት አይተካውም።

ከብራና ፋቂ እስከ ሳንሱር

በኢትዮጵያ የብራና ጽሑፍ ባህል እርማት የታወቀ ክፍል ነበረው። ቁም ጸሐፊው የተሳሳተውን በስለት ፍቆ ይጽፋል፤ የተዘለለ ቃል ሲገኝ በመስመሩ ላይ ወይም በኅዳጉ ይጨመራል፤ ሊወጣ የሚገባው ቃል ደግሞ ከላይና ከታች በሰረዝ ይከበባል። በተለይ የመጨረሻው ዘዴ አራሚው ያወጣው ቃል ምን እንደነበር ለአንባቢው ሳይሰወር እንዲቀር ስለሚያደርግ፣ ማንኛውም ለውጥ በግልጽ ይታይ የሚለው የዘመናዊ አርትዖት ሕግ ለዚህ አገር ባዕድ እንዳልሆነ ያስረዳል።

አንድ ረቂቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መድረጁም እንዲሁ የታወቀ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው ‹መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ› የተጀመረው በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፍተው ደክመውበታል፤ እርሳቸው በ1936 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ደግሞ በአደራ የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አብቅተውታል። ተቀባዩ የራሱን ዕውቀት ሲጨምር የሰጪውን ሐሳብና ስም አለማጥፋቱ ሥራውን ታማኝ አድርጎታል፤ አንድ አርታኢ ከሚያስፈልገው ጠባይ ሁሉ የሚቀድመውም ይኸው አደራ ጠባቂነት ነው።

የኋለኛው ዘመን ግን ሌላ ልማድ ጥሎ አልፏል። በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት በመንግሥት ሳንሱር ሥር ያልፉ ስለነበር፣ ረቂቅን የሚያነብ ሌላ ሰው በብዙ ደራስያን ዘንድ ከፈቃድ ሰጪና ከከልካይ ጋር ተያይዞ ቀረ። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ከገበያ የተሰበሰበው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ ‹ኦሮማይ› እና የደራሲው ደብዛ መጥፋት የዚያን ዘመን ፍርሃት ያሳያሉ። የቅድመ ኅትመት ሳንሱር በፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቢቀርም፣ በቀይ ብዕር የተሞላ ገጽ ሲመለስለት የሚሸማቀቅ ደራሲ ዛሬም አለ። ሳንሱርንና አርትዖትን የሚለያያቸው ግን ግልጽ ነው፤ ሳንሱር የሚያገለግለው ባለሥልጣንን ነው፣ ምክንያቱን ሳይናገር ይቆርጣል፣ ውሳኔውም ይግባኝ የለውም፤ አርታኢ የሚያገለግለው አንባቢን ነው፣ ለእያንዳንዱ አስተያየት ምክንያት ያቀርባል፣ ደራሲው አልቀበልም ያለውንም እንዳለ ይተወዋል። በግሉ የሚሠራ አርታኢ የደራሲውን እምነት የሚያተርፈው ይህን ልዩነት በየገጹ በሥራ ሲያሳይ ነው።

አራት ዓይነት ንባብ

አርትዖት በአንድ ጊዜ ንባብ አይጠናቀቅም። የመጀመሪያው የይዘትና የአወቃቀር አርትዖት ሲሆን፣ የምዕራፎች አደረጃጀት፣ የታሪኩ ወይም የክርክሩ ፍሰት፣ የጎደለ ማስረጃና የተንዛዛ ክፍል የሚመረመሩበት ነው፤ ውጤቱም በአብዛኛው ገጹ ላይ የተደረገ እርማት ሳይሆን ለደራሲው የሚጻፍ ዘርዘር ያለ የአስተያየት ደብዳቤ ይሆናል። ሁለተኛው የአገላለጽ አርትዖት ይባላል፤ ይህም እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ግልጽ መሆኑንና የደራሲው የራሱ ድምፅ መጠበቁን የሚያይ ነው። ሦስተኛው የቅጂ አርትዖት የፊደል አጠቃቀምን፣ ሥርዐተ ነጥብን፣ የስሞችን፣ የቀኖችንና የቁጥሮችን ወጥነት ይቆጣጠራል። አራተኛው በተለምዶ ፊደል ለቀማ የሚባለው ሲሆን፣ ጽሑፉ በገጽ ከተቀናበረ በኋላ የቀሩ ግድፈቶች የሚለቀሙበት የመጨረሻ ንባብ ነው።

ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ሙሉ ምዕራፍ ሊወጣ በሚችልበት ደረጃ ላይ ነጠላ ሰረዝ ማስተካከል የደራሲውን ገንዘብና የአርታኢውን ጊዜ ያባክናል፤ ገጽ ከተቀናበረ በኋላ አንቀጽ መጨመር ደግሞ የገጽ ቁጥሮችን አንቀሳቅሶ ማውጫውን ያፋልሳል፣ አዲስ ስሕተትም ይወልዳል። ብዙ አለመግባባት የሚነሣው ደራሲው ‹መጽሐፌ ይታረምልኝ› ሲል የመጀመሪያውን ዓይነት አስቦ፣ አርታኢው አራተኛውን ተረድቶ፣ ወይም በተገላቢጦሽ ሥራው ሲጀመር ነው። ስለዚህ ረቂቁን የተቀበለ አርታኢ ጥቂት ገጾችን በናሙናነት አርሞ ቢያሳይ፣ ደራሲው የሚገዛውን አገልግሎት፣ አርታኢውም የሚጠብቀውን ድካም አስቀድመው ያውቃሉ።

ረቂቁ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ

ሥራው ገጽ ላይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት፣ በወሎ ያደገ፣ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ የነበረና ኋላ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አንድ ሰው ያዘጋጀው የራሱ የሕይወት ታሪክ በምሳሌነት ሊቀርብ ይችላል። አርታኢው የመጀመሪያውን ንባብ ብዕር ሳይዝ ይጨርሳል፣ ምክንያቱም አንባቢ መጽሐፉን የሚያገኘው እንደዚያ ስለሆነ የት እንደሰለቸ፣ የት እንደጠፋበትና የት እንደተነካ ማወቅ የሚችለው በዚህ ንባብ ብቻ ነው። በሁለተኛው ንባብ ግን አንድ ወረቀት አጠገቡ አስቀምጦ የዘመን ቅደም ተከተል ይመዘግባል። በሦስተኛው ምዕራፍ ባለታሪኩ 12ኛ ክፍልን በ1964 ዓ.ም. ደሴ ላይ እንዳጠናቀቀ ይናገራል፤ በስድስተኛው ምዕራፍ ደግሞ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በእድገት በኅብረት ዘመቻ እንደተሰማራ ይተርካል። ዘመቻው የተጀመረው በ1967 ዓ.ም. በመሆኑ ሁለቱ አብረው አይሄዱም፤ አርታኢው ግን የትኛው እንደተሳሳተ ስለማያውቅ አንዱን በራሱ አይለውጥም፣ ሁለቱንም ገጾች ጠቅሶ ይጠይቃል።

ስደቱ በሚተረክባቸው ምዕራፎች ሌላ ችግር ይመጣል፤ ደራሲው ሳይታወቀው ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይሻገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሚሆን፣ በግምት የተለወጠ ዓመተ ምሕረት አንድን ሰው ከመወለዱ በፊት ትምህርት ቤት ሊያስገባው ይችላል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ አውሮፕላኑ ‹በሁለት ሰዓት› ተነሣ ሲባል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ፣ ስንብቱ በጠዋት ይሁን በሌሊት አንባቢው አያውቅም።

ከዘመን ቀጥሎ ዐረፍተ ነገሩ ይመጣል። አማርኛ ግሥን በመጨረሻ የሚያኖር ቋንቋ ስለሆነ፣ ሄዶ፣ አግኝቶ፣ ተቀብሎ እያለ ድርጊትን በድርጊት ላይ የሚያያይዝ ረጅም ዐረፍተ ነገር መሥራት ይቻላል፤ ይህም የቋንቋው ውበት ነው። ነገር ግን በመካከል ባለቤቱ ተለውጦ ጸሐፊው ሳያመለክት ካለፈ፣ ማን ሄዶ ማን እንደተቀበለ አይለይም። ‹ዳዊት ለወንድሙ ገንዘቡን ሰጠው› የሚለው ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ምንም እንከን የለበትም፤ ገንዘቡ የዳዊት ይሁን የወንድሙ ግን አይናገርም፣ የሕይወት ታሪኩ የውርስ ጠብን የሚያነሣ ከሆነም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይም ‹ይሰማል› የሚለው ቃል ሰውየው እንደሚያዳምጥ ወይም ድምፁ ለሌሎች እንደሚደርስ ሊነበብ ይችላል፤ ደራሲው በጆሮው የሚሰማውን ንባቡን ስለሚያውቅ አሻሚነቱ አይታየውም፣ ባዕድ ዐይን ግን ወዲያው ይይዘዋል።

ለማረም የሚያጓጉ ነገር ግን መታረም የሌለባቸው ቦታዎችም አሉ። ደራሲው አንድን ሹም በምዕራፉ መጀመሪያ ‹እርሳቸው› ብሎ በመጨረሻው ‹እሱ› ቢለው፣ የወጥነት ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ በሹሙ ላይ የነበረው አክብሮት በተተረከው ድርጊት ምክንያት ማለቁን የሚያሳይ ሆን ተብሎ የተደረገ ለውጥም ሊሆን ይችላል። የወሎ አነጋገር ያለበት ምልልስ ወደ አዲስ አበባ አማርኛ ቢቃና ተናጋሪው ሰው ከገጹ ይጠፋል። በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ ለዓመታት የኖረ ጸሐፊ የሚጠቀምባቸው የተዋሱ ቃላትም አንዳንዶቹ የስንፍና፣ አንዳንዶቹ የእውነተኛ ኑሮው ምስክሮች ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የአርታኢ ብቃት የሚለካው ብዕሩን ገትቶ በመጠየቁ ነው።

የፊደል ስምምነት

በአማርኛ አርትዖት ብዙ ጊዜ ከሚወስዱት ነገሮች አንዱ አንድ ድምፅ ያላቸው ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በግእዝ የየራሳቸው ቦታ ያላቸው ሲሆኑ፣ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ በመሆኑ አጻጻፋቸው ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል። የታወቁት መዛግብተ ቃላት እንኳ በርእሳቸው ሳይቀር ይለያያሉ፤ በ1951 ዓ.ም. የወጣው የከሣቴ ብርሃን ተሰማ ሥራ ‹የአማርኛ መዝገበ ቃላት› ሲል፣ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሥራ ‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት› ይላል። አንዱን መንገድ ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ብሎ መፍረድ የአርታኢው ሥልጣን አይደለም። ከእርሱ የሚጠበቀው ደራሲው የመረጠውን መንገድ ለይቶ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንዲጸና ማድረግ ነው።

ለዚህም ሲባል በእርማቱ መጀመሪያ አንድ የአጻጻፍ ስምምነት ሰነድ ይዘጋጃል። በሰነዱ ‹ሥራ› ወይስ ‹ስራ›፣ ‹ዓመት› ወይስ ‹አመት›፣ ‹ሄዷል› ወይስ ‹ሄዶአል› የሚሉ ምርጫዎች፣ የውጭ አገር ስሞች አጻጻፍ፣ የቁጥርና የዘመን አገላለጽ፣ የድርብ ሰረዝና የትእምርተ ጥቅስ አጠቃቀም ይመዘገባሉ። ሰነዱ ገጽ ለሚያቀናብረው ባለሙያና ፊደል ለሚለቅመውም ስለሚተላለፍ፣ ሦስተኛው ሰው ሁለተኛው ያስተካከለውን መልሶ እንዳያበላሽ ይከላከላል።

የኮምፒዩተሩም ጣጣ ከዚህ ጋር ይያያዛል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዐት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ፊደሉ በየራሳቸው መለያ በሚሠሩ ሶፍትዌሮች ይጻፍ ነበር። በቀድሞ ሶፍትዌር የተጻፈ ረቂቅ ወደ አዲሱ ሥርዐት ሲለወጥ አንዳንድ ሆሄያትና ነጥቦች ሊዛቡ ስለሚችሉ፣ ልወጣው መካሄድ ያለበት ከአርትዖቱ በፊት ነው፤ ከእርማት በኋላ የሚደረግ ልወጣ የተለቀመውን ግድፈት ሁሉ በአዲስ ግድፈት ሊተካው ይችላል። በዩኒኮድ የተጻፈ ረቂቅ ግን እያንዳንዱ ስረዛና ጭማሪ በቀለም ተለይቶ በሚታይበት የእርማት መከታተያ ሊሠራበት ስለሚችል፣ ደራሲው የተደረገውን ለውጥ ሁሉ አይቶ አንድ በአንድ ለመቀበል ወይም ለመመለስ ያስችለዋል።

አክብሮት ያለበት ጥያቄ

በኢትዮጵያ ደራሲና አርታኢ የሚነጋገሩት በእድሜና በማዕረግ አክብሮት ውስጥ ሆነው ነው። የሠላሳ ዓመት አርታኢ የሰባ ዓመት ደራሲን ‹ጋሼ› እያለ ‹ይህ ምዕራፍ አያስፈልግም› ለማለት ይከብደዋል፤ ደራሲውም ከልጁ በሚያንስ ሰው ሲታረም ቅር ሊለው ይችላል። መፍትሔው እውነቱን መደበቅ አይደለም፣ ምክንያቱም በይሉኝታ የታለፈ ጉድለት በኋላ በአደባባይ ሐያሲ ያነሣዋል። መፍትሔው አስተያየቱን ከሰውየው ላይ አንሥቶ በአንባቢው ላይ ማቆም ነው። ‹እዚህ ላይ ተሳስተዋል› ከማለት ይልቅ ‹በዚያ ዘመን ያልነበረ አንባቢ ይህን ስብሰባ ማን እንደጠራው ከየት ያውቃል? አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩበት ምን ይመስልዎታል?› የሚል ማስታወሻ አክብሮቱንም ጥያቄውንም ይይዛል። ጥሩ ማስታወሻ የሚያጠራጥረውን ቦታ ይጠቁማል፣ ምክንያቱን ይናገራል፣ ሲቻልም አንድ አማራጭ ያቀርባል፤ የተዋጣለትን ገጽ ‹ይህ እንዳለ ይቆይ› ብሎ መመስከርም የሥራው ክፍል ነው፣ ደራሲው በሚቀጥለው እርማት የሚጠብቀውን ያውቅ ዘንድ።

ከደራሲውም የሚጠበቅ አለ። የተመለሰለትን ረቂቅ በደረሰበት ሰዓት ለአስተያየቶቹ መልስ መስጠት ከመጀመር ይልቅ ጥቂት ቀን አሳድሮ ማንበብ ይጠቅመዋል፤ ያልተስማማበትንም ሲመልስ ምክንያቱን ቢያስረዳ፣ ማብራሪያው ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ መግባት እንደነበረበት ብዙ ጊዜ ይገለጥለታል። ለአርታኢው በቃል ያብራራውን ለሺህ አንባቢዎች እየዞረ ሊያብራራ አይችልምና።

ውልና መብት

በሰነድ ያልተያዘ ስምምነት ወዳጅነትንም መጽሐፍንም ይጎዳል። ውሉ የአርትዖቱን ዓይነት፣ የንባቦቹን ብዛት፣ የሥራውን ጊዜ፣ ክፍያው በስንት ዙር እንደሚፈጸምና ረቂቁ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ የሚያስገድድ ግዴታ ሊይዝ ይገባል። ክፍያ በገጽ ሲሰላ የፊደሉ መጠንና የመስመሩ ስፋት የገጹን ብዛት ስለሚቀንሰውና ስለሚጨምረው፣ በቃላት ብዛት መተማመን ለሁለቱም ይበጃል።

በሕግ በኩል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል፤ አንደኛው ከሥራው የሚገኘውን ጥቅም የሚመለከተው ኢኮኖሚያዊ መብት ሲሆን፣ ሁለተኛው በስሙ የመጠራትንና ክብሩን በሚጎዳ መልኩ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወምን መብት የሚያጠቃልለው የሞራል መብት ነው። በደራሲው ያልታየና ያልጸደቀ ለውጥ እንዲታተም ማድረግ ስለዚህ ከሙያ ጥፋትም ሊያልፍ ይችላል። በአንጻሩ አርታኢው ምዕራፎችን እንደ አዲስ እስከ መጻፍ ከደረሰ ሥራው ከአርትዖት ወጥቶ የጋራ ድርሰት ወይም የጽሕፈት ውክልና ስለሚሆን፣ ስምና ድርሻን የሚወስን የተለየ ስምምነት ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ግን የበጀቱ አሠራር መለወጥ አለበት። ለወረቀት፣ ለሽፋንና ለማተሚያ ቤት ከተከፈለ በኋላ የተረፈ ሳንቲም ለአርትዖት የሚወረወር ከሆነ፣ ባለሙያው አራቱን ንባብ በአንድ ሳምንት ለመፈጸም ይገደዳል፤ ይህም ማለት አንዱንም በወጉ አይፈጽምም። የመጽሐፉ ወጪ ሲታሰብ አርትዖት ከወረቀቱ ቀድሞ ቢቆጠር፣ ከመጨረሻው ረቂቅ እስከ ማተሚያ ቤት ያለው ጊዜ በወራት ቢታሰብ፣ የአርታኢውም ስም በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች በግልጽ ቢሰፍርና ሐያስያን የሥራውን ጥራት በስሙ ቢጠይቁት፣ ሙያው ተጠያቂነትና ክብር ያገኛል፣ ወጣቶችም ይማሩታል። መጽሐፉን በገንዘቡ የገዛ አንባቢ ደራሲው የሚችለውን ሁሉ እንዳደረገለት የማመን መብት አለው፤ ደራሲውም ይህን በልበ ሙሉነት ሊል የሚችለው ሥራውን ለሚጠይቀው ሰው ካቀረበና ለጥያቄዎቹ ሁሉ ከመለሰ በኋላ ነው።